ወደ አራዊት አገር ለሚሄድ መንገደኛ የሚሆን ምክር

1. የምን አለሽ ተራ ጥያቄ

ልጆች ሆይ፥ በአዲስ አበባ ከተማ፥ በመርካቶ ገበያ ውስጥ፥ ምን አለሽ ተራ የሚባል ስፍራ አለ። ሌላው ሰው አርጅቷል፥ ተሰብሯል፥ አይረባም ብሎ የጣለው ዕቃ ሁሉ በዚያ ይሰበሰባል። ባዶ ጣሳ፥ የዘይት በርሚል፥ የዛገ ብረት፥ ያረጀ ጎማ፥ የተቆራረጠ ሽቦ፥ ክዳን የሌለው ድስት ይገኛል። ይህን ዕቃ ከየቤቱ የሚሰበስበው በየሰፈሩ እየዞረ «ቆራሌው!» እያለ የሚጣራው ሰው ነው። የቤቱ እመቤት ድምፁን በሰማች ጊዜ አሮጌውን ዕቃ ታወጣለታለች፤ እርሱም ዋጋውን ከፍሎ በጆንያ ተሸክሞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የእጅ ሠራተኞች በርሚሉን በመዶሻ ቀጥቅጠው ምድጃና የቡና መቁያ ያደርጉታል፤ ከጎማውም በረባሶ የሚባለው ጫማ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ከንቱ ሆኖ የሚቀር ነገር ጥቂት ነው።

የስፍራው ስም ራሱ ጥያቄ ነው። «ምን አለሽ?» ማለት ሴትን «የሚሸጥ ምን ዕቃ አለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ለመንገደኛ እጅግ ይጠቅማል። ብልህ መንገደኛ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ራሱን «ምን አለኝ? ምንስ ይጎድለኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ከሄደበትም አገር ሲነሣ «በዚህ የተውሁት ምን አለ?» ብሎ ሁለተኛ ይጠይቃል። ሞኝ ግን በመጀመሪያም በመጨረሻም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሲሄድ ይቸገራል፥ ሲመለስም ለሌላው ችግር ትቶ ይመጣል።

በዚህ ትምህርት የምንናገረው የዱር አራዊትን ለማየት ስለሚሄድ መንገደኛ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ብዙ ሰዎች ሳፋሪ ይሉታል። ሳፋሪ በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን ሳፋሪ የሚሄዱት ብዙዎቹ ጠመንጃ ይዘው ለአደን ይወጡ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚበዙት በዓይናቸው አይተው ደስ ሊላቸው ይሄዳሉ።

2. የአዋሽ ምድር

ለምሳሌ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ እንመልከት። ብሔራዊ ፓርክ ማለት መንግሥት ለአራዊትና ለዕፅዋት መኖሪያ ይሁን ብሎ የከለለው፥ በሕግ የሚጠበቅ ምድር ነው። የአዋሽ ፓርክ የተቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ መካከል ይገኛል። መንገደኛው በቢሾፍቱ፥ በሞጆ፥ በአዳማና በወለንጪቲ አልፎ ወደዚያ ይደርሳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። የአዋሽ ሜዳ ግን 1,000 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያለው ቆላ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ጧት ጋቢ ለብሶ ቢነሣ ቀትር ላይ በብርቱ ሙቀት ውስጥ ይገኛል። በዚያ ሜዳ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የቆመ ሳላ ይሰማራል። አጋዘንም፥ ከርከሮም፥ ዝንጀሮም አሉ። በወንዙ ውስጥ አዞ ይኖራል፤ ሌሊትም የጅብና የአንበሳ ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ አለ። በስተ ሰሜን የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ይታያል፤ ዘንባባ የበቀለበት ፍል ውሃም አለ። የአዋሽ ወንዝ በፏፏቴ ወርዶ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይሄዳል። ይህ ወንዝ ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለ፤ ወደ ባሕር አይደርስም፥ በአፋር ቆላ በሐይቆች ውስጥ ይቀራል እንጂ።

3. ከመሄድ በፊት ስለሚሆን ዝግጅት

የመጀመሪያው ዝግጅት መጠየቅ ነው። መንገድ እንደ ትናንቱ አይቆይም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ብዙ ሰዎችም ቤታቸውን ትተው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው ራሱንም ያስጨንቃል፥ ሌሎችንም በማዳን ሥራ ያደክማል። ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑን፥ ፓርኩም ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ከሚያውቁ ሰዎች መስማት ይገባል። አንድ ሰው የነገረውን ብቻ አይመን፤ ከዚያ በቅርብ የመጣውን መኪና ነጂ፥ የፓርኩንም ሠራተኞች ይጠይቅ።

ሁለተኛው ጊዜን መምረጥ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ለአዋሽ ጉዞ የተሻለ ነው፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፥ ዝናብም ስለማይበዛ መንገዱ አይጨቀይም። በበጋ ሣሩ ስለሚደርቅና ውሃ ስለሚያንስ አራዊቱ ወደ ወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ፤ ለማየትም ይቀላል። ከቀኑም ጊዜ ማለዳና ወደ ማታ ያለው ይመረጣል። በቀትር ሰውም አውሬም ጥላ ይፈልጋልና።

ሦስተኛው የጤና ነገር ነው። በአገራችን ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ባለው ምድር ወባ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። ሐኪሙ የወባ መከላከያ ኪኒን ካዘዘለት፥ ከጉዞው በፊት የሚጀመር፥ ከጉዞውም በኋላ የሚቀጥል መሆኑን አይርሳ። ሲመሽ እጀታው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበስ፤ በአጎበርም ውስጥ ይተኛ። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ቢይዘው «ቆላ ወርጄ ነበር» ብሎ ለሐኪሙ ይንገረው፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ በሽታውን ለማግኘት ሊዘገይ ይችላልና።

አራተኛው ውሃና ስንቅ ነው። በሙቀት አገር አንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይያዝ። አምስት ሰዎች ለሁለት ቀን ቢሄዱ ስንት ሊትር ያስፈልጋቸዋል? 4 ጊዜ 5 ሃያ ነው፤ 20 ጊዜ 2 ደግሞ 40 ሊትር ይሆናል። ይህን ሳያሰላ «በመንገድ እናገኛለን» ብሎ የሚነሣ ሰው መኪናው በተበላሸበት ሰዓት ይጸጸታል። ለስንቅ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ በሶና ድርቆሽ ይስማማሉ። አባቶቻችን ለረጅም መንገድ እነዚህን የመረጡት በሙቀት ቶሎ ስለማይበላሹ ነው።

4. እትዬና ተማሪው

የውሃ ዕቃ መግዛት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን በምሳሌ እንማር።

አንድ ተማሪ ለጉዞ የሚሆን የውሃ ዕቃ ሊገዛ ወደ ምን አለሽ ተራ ሄደ። በአንዲት ነጋዴ ፊት ሁለት ጀሪካኖች ቆመው አየ። አንዱ አሮጌ ነው፤ ሁለተኛው ግን አዲስ ይመስላል፥ ዋጋውም ይረክሳል።

«እትዬ፥ እንደምን ዋሉ?» አለ ተማሪው።

«እግዜር ይመስገን፥ ደህና ነኝ ልጄ። ምን ላድርግልህ?» አሉት።

«ውሃ የምይዝበት ጀሪካን ፈልጌ ነው። ይህ አዲስ የሚመስለው ዋጋው ለምን ረከሰ?»

«ለውሃ ነው ካልህ ያንን አልሸጥልህም። የአረም መድኃኒት የነበረበት ነው። አሥር ጊዜ ቢታጠብ መርዙ ከፕላስቲኩ አይወጣም። ይህ አሮጌው ግን የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመህ ብታጥበው ይሆንሃል።»

ተማሪውም «ባልጠየቅሁ ኖሮ መልኩን አይቼ እገዛው ነበር» ብሎ አመሰገናቸውና አሮጌውን ገዝቶ ሄደ።

ልጆች ሆይ፥ በዚህ ምሳሌ ሁለት ደጋግ ሰዎች አሉ። ተማሪው አላፈረም፥ ጠየቀ። ነጋዴይቱም ገንዘብ ለማግኘት ብለው እውነቱን አልሸሸጉም። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን «ምን አለሽ?» ከተባለ በኋላ «ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ከዚህ በቀር በዚያው ገበያ ለመንገደኛ የሚጠቅም ሌላ ዕቃ ይገኛል፤ አነስተኛ የብረት ምድጃ፥ ጣሳ፥ ገመድና ሽቦ ሊገዛ ይችላል። ምድጃው በተለይ ያስፈልጋል። በፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥና በተገኘው ስፍራ እሳት ማንደድ አይገባምና፥ መንገደኛው ከሰሉን ይዞ በተፈቀደለት ቦታ በምድጃ ላይ ያብስል። ጫማው ግን እግርን የሚሸፍን ይሁን፤ በረባሶ ለከተማ መንገድ ቢበረታም ከግራር እሾህና ከእባብ አያድንም። ልብሱም የአፈር መልክ ያለው ቢሆን ይሻላል፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም አራዊቱን ያስደነግጣል። የእጅ ባትሪም አይርሳ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ዝግጅት ከችግር በፊት ሲሆን ይጠቅማል፤ ከችግር በኋላ ሲሆን ግን የዚህ ውሻ ጩኸት ነው።

5. በአራዊት አገር ስለሚገባ ጠባይ

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። ይህ ተረት የሚዘልፈው ወደ ሰው አገር ሄዶ እንደ ጌታ የሚሆነውን እንግዳ ነው። የአራዊት አገር የአራዊት ቤት ነው፤ በዚያ እንግዳው ሰው ነው። ስለዚህ የእንግዳን ሥርዓት ይጠብቅ።

አንደኛ፥ የፓርኩን ጠባቂ ይስማ። ጠባቂው ዱካውንም ጊዜውንም ያውቃል። «ከዚህ አትለፉ» ባለ ጊዜ ምክንያቱ ባይገባን እንኳ መታዘዝ ይገባል።

ሁለተኛ፥ በመኪና ሲሄድ ቀስ ይበል፤ ካልተፈቀደ ስፍራም አይውረድ። መኪና ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አውሬው ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ትልቅ ነገር ቆጥሮ ይተወዋል፤ በወረደ ጊዜ ግን ወይ ይሸሻል፥ ወይ ይቆጣል። ከሸሸ ማየቱ ቀረ፤ ከተቆጣም አደጋው መጣ።

ሦስተኛ፥ ዝም ይበል። በፉጨት፥ በጭብጨባና በድንጋይ ውርወራ አውሬን ማስነሣት የባለጌ ሥራ ነው። ግልገሏን የምታጠባ ሳላ በጩኸት ደንግጣ ብትሮጥ፥ ግልገሉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጅብም ያገኘዋል። ለሳቅ የተወረወረችው ድንጋይ ነፍስ ታጠፋለች ማለት ነው።

አራተኛ፥ አያብላ። ዝንጀሮ ከሰው እጅ ዳቦ መቀበል ከለመደ ፍርሃቱን ይተዋል። ነገ የሚያበላው ባጣ ጊዜ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፥ ይነክሳልም። ያን ጊዜ ሰዎች «አስቸጋሪ ሆነ» ብለው ይገድሉታል። አስቀድሞ ያበላው ሰው ደግነት ያደረገ መስሎታል፤ ነገር ግን ለሞት ያበቃው እርሱ ነው።

አምስተኛ፥ በወንዝ ዳር አይቁም፥ አይታጠብም። አዞ በውሃ ውስጥ ሲያደባ የተጋደመ ግንድ ይመስላል። ጉማሬ ባለበት አገር ደግሞ በጉማሬውና በውሃው መካከል አይግባ፤ ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ የተዘጋበት ጉማሬ እጅግ አደገኛ ነውና።

ስድስተኛ፥ ውሻውን ከቤት ይተወው። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን የሚያሳዝን ነው። በባሌ ተራሮች በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ሁሉ የቀረው ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓመት በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላለፈ፤ በዚያ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል በጥቂት ወራት አለቁ። ከዚያ ወዲህ የሚደክሙ ሰዎች ውሾቹንም ቀበሮዎቹንም በመከተብ ይጠብቋቸዋል። ውሻ ለቤቱ የታመነ ወዳጅ ነው፤ በአራዊት አገር ግን ሳያውቅ ሞትን ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል።

ሰባተኛ፥ በዚያ የሚኖረውን ሕዝብ ያክብር። በአዋሽ ዙሪያ የከረዩ፥ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ያሰማራሉ። መንገደኛው አስቀድሞ ሰላምታ ይስጥ፤ ሳያስፈቅድም ፎቶግራፍ አያንሣ። ሰው የሚታይ አውሬ አይደለምና።

6. በዱር ቆራሌው የለም

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። «በዚህ የተውሁት ምን አለ?» የሚለው ነው።

በከተማ ባዶ ጣሳ ብንጥል የሚያነሣው አይጠፋም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ቆራሌው ይመጣል፤ ጣሳውም በምን አለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ኩራዝ ወይም ማንቆርቆሪያ ይሆናል። በዱር ግን ቆራሌው የለም። በግራሩ ሥር የተጣለው ጠርሙስ በዚያው ይቀራል። የዛሬ ተማሪ የጣለውን ፕላስቲክ የልጁ ልጅ ሊያገኘው ይችላል።

አንድ መንገደኛ «የእኔ አንድ ጠርሙስ ምን ይጎዳል?» ይላል። እስቲ እናስላው። በየቀኑ 20 መንገደኞች ቢመጡ፥ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ጠርሙስ ቢጥሉ፥ በ365 ቀን 7,300 ጠርሙስ ይሆናል። ሁሉም «የእኔ አንድ ነው» ብሏል፤ ሜዳው ግን ተሞልቷል።

ጉዳቱ ዓይንን ማስቀየም ብቻ አይደለም። ፌስታል የምግብ ጨው ወይም የእንጀራ ሽታ ከያዘ፥ ከብትም የዱር እንስሳም ይበላዋል። ፌስታሉ በሆድ አይፈጭም፤ እየተከማቸ አንጀትን ይዘጋል። እንስሳውም ሆዱ የሞላ እየመሰለው በረኃብ ይሞታል። የተሰበረ ብርጭቆ ሰኮና ይቆርጣል። ያልጠፋ የሲጋራ ቁራጭ በበጋ ሣር ላይ ቢወድቅ፥ ሰደድ እሳት ተነሥቶ የወፉን ጎጆ ከነጫጩቱ ያቃጥላል።

ስለዚህ መንገደኛው ሲሄድ አንድ ባዶ ጆንያ ይያዝ። የበላበትን፥ የጠጣበትን፥ የተሰበረበትንም ሁሉ በዚያ ጆንያ ያግባ፤ ለራሱ ቆራሌው ራሱ ይሁን። ወደ አዲስ አበባ ሲመለስም ጣሳውንና ጠርሙሱን ለቆራሌው ይስጥ። ያን ጊዜ ያ ጣሳ ከአዋሽ ሜዳ ወደ ምን አለሽ ተራ ተመልሶ ለሌላ መንገደኛ ዕቃ ይሆናል። ሳላዋም በንጹሕ ሣር ላይ ትሰማራለች።

7. ሩቅ አገር ለሚሄድ

ይህን ሥርዓት በአዋሽ የተማረ ሰው ወደ ሩቅ አገርም ቢሄድ አያፍርም። በደቡብ አፍሪካ ክፍል ቦትስዋና የምትባል አገር አለች። ነፃነቷን ያገኘችው የአዋሽ ፓርክ በተቋቋመበት ዓመት፥ በ1966 ነው። ስፋቷ የአገራችንን ግማሽ ያህል ነው፤ ሕዝቧ ግን ከ3 ሚሊዮን ያንሳል። የገንዘቧ ስም ፑላ ይባላል፤ ፑላ ማለት ዝናብ ነው። ምድሯ ደረቅ ስለሆነ ሕዝቧ ዝናብን እንደ በረከት ይቆጥረዋል። ኦካቫንጎ የሚባለው ወንዝ ከአንጎላ ተነሥቶ ወደዚህች አገር ይገባል፤ እንደ አዋሻችንም ባሕር ሳይደርስ በምድረ በዳ ተበትኖ ይቀራል። በዚያ ውሃ ዙሪያ እጅግ ብዙ አራዊት ይኖራሉ። በቦትስዋና ያሉት ዝሆኖች ከ130,000 ይበልጣሉ ተብለው ተቆጥረዋል።

ወደ እነዚህ አገሮች ለሚሄድ ሰው የሚጨመር ጥቂት ምክር አለ። መጀመሪያ፥ ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ወረቀቱ ለዕድሜው ሙሉ እንዲያገለግለው ከ2016 የፈረንጆች ዓመት ጀምሮ ተወስኗል። ሁለተኛ፥ ወራታቸው ከእኛ ጋር ይለያያል። በእኛ ዘንድ ክረምት ገብቶ ዝናብ በሚዘንብበት በሰኔና በሐምሌ፥ በእነርሱ ዘንድ ደረቅ ወራት ነው፤ አራዊትም የሚታዩት ያን ጊዜ ነው። ሌሊቱና ማለዳው ግን ብርቱ ብርድ ስለሆነ ጋቢ አይቅር። ሦስተኛ፥ መኪናዎች በመንገዱ በግራ በኩል ይሄዳሉ። ስለዚህ መንገድ የሚሻገር ሰው አስቀድሞ ወደ ቀኝ ይመልከት።

ሕጋቸውን መጠበቅም ይገባል። በቦትስዋና በአንዳንድ ኬላዎች ጥሬ ሥጋ ይዞ ማለፍ አይፈቀድም፤ መንገደኛውም ጫማውን በመድኃኒት ላይ እንዲረግጥ ይደረጋል። ይህም አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ እንዳይዛመት ነው። በደቡብ አፍሪካ ሪፑብሊክ ክሩገር የሚባል በ1926 የተቋቋመ ታላቅ ፓርክ አለ፤ በዚያ መኪና በአስፋልት ላይ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄድም፥ በሩም ማታ በተወሰነ ሰዓት ይዘጋል። በዚምባብዌ ማና ፑልስ በሚባለው ፓርክ ደግሞ ብርቱካንና ሎሚ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ዝሆኖች ሽታውን ተከትለው ወደ መኪናና ወደ ድንኳን ይመጣሉና። በዚያው በዚምባብዌና በዛምቢያ የወታደር መልክ ያለው ዝንጉርጉር ልብስ መልበስ አይፈቀድም። አንዳንዱ ሕግ ለእንግዳ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ሕጉ የወጣው ከደረሰ ችግር የተነሣ ነው።

8. ወደ ቤት የማይመጣ ዕቃ

መንገደኛ ሲመለስ ለወዳጆቹ ማስታወሻ ማምጣት ይወዳል። ቅርጫት፥ ሸክላ፥ በእጅ የተሠራ ጌጥ ቢገዛ መልካም ነው፤ የአገሬውም ሰው ይጠቀማል። የዝሆን ጥርስ፥ የነብር ቆዳና የመሳሰለው ግን አይገዛ። ነጋዴው «አውሬው ድሮ የሞተ ነው» ቢለው እንኳ አይመን። አንዱ በተገዛ ጊዜ አዳኙ ሌላ ሊገድል ይወጣል። የሚገዛ ከሌለ የሚገድል አይኖርም። የዝሆን ጥርስ ከአገር ወደ አገር እንዳይነገድ ብዙ መንግሥታት በ1989 የፈረንጆች ዓመት ተስማምተዋል። የእኛም መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የያዘውን ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት አቃጠለ። ያ ሁሉ ጥርስ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ነበር፤ ነገር ግን ቢሸጥ ኖሮ የሌሎች ዝሆኖች ሞት ይሆን ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ከአራዊት አገር በእጅ የሚያዝ ነገር ጥቂት ነው፤ በዓይንና በልብ የሚያዘው ግን ብዙ ነው። ሳላው በማለዳ ብርሃን ሲቆም ያየ ልጅ ለታናናሾቹ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ሲያድጉ ሄደው ያዩት ዘንድ ሳላው በሕይወት መኖር አለበት። ይህም በእያንዳንዱ መንገደኛ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ስትሄዱ «ምን አለኝ?» በሉ፤ ስትመለሱ «ምን ተውሁ?» በሉ። ለፊተኛው መልሱ «የሚያስፈልገኝ ሁሉ» ይሁን፤ ለኋለኛው መልሱ «ከእግሬ ዱካ በቀር ምንም» ይሁን።

የትምህርቱ ጥያቄዎች

1. የምን አለሽ ተራ ስም ትርጉሙ ምንድር ነው?
2. ስድስት ሰዎች ለሦስት ቀን ወደ አዋሽ ቢሄዱ ስንት ሊትር የመጠጥ ውሃ ያስፈልጋቸዋል?
3. ተማሪው አዲስ የሚመስለውን ጀሪካን ለምን አልገዛም?
4. ዝንጀሮን ማብላት ደግነት ያልሆነበት ምክንያት ምንድር ነው?
5. የአዋሽና የኦካቫንጎ ወንዞች በምን ይመሳሰላሉ?
6. «በዱር ቆራሌው የለም» ማለት ምን ማለት ነው? በራሳችሁ ቃል ጻፉ።